የጆሮ ይቅርታ

ጠበቃ ኤልዳና ናሆም ጧት ጧት ከቁርስ በፊት ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ከሳሎኑ መስኮት ትነሣና፣ ቀኝ እጇን በካባዋ ሁለተኛ ቁልፍ ላይ አሳርፋ፣ አንገቷን ሳታዞር እስከ ወጥ ቤቱ በር ትደርሳለች። ባሏ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይስቅባት ነበር። አሁን አይስቅም፤ ወንበሩን ከመንገዷ ያነሣላታል።

በ2068 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሳይለማመድ ችሎት የሚገባ ጠበቃ የለም። ለዳኛ ጀርባ መስጠት አምስት ነጥብ ያስቀንሳል። ወደ ኋላ ሲሄዱ መደናቀፍ ሦስት ነው። ተደናቅፎ «ውይ» ያለ ሁለት ይጨመርበታል።

ነገሩ የተጀመረው በደግ ነው። በእናቷ ዘመን ጠበቃ የሚጠየቀው ጥቂት ነበር፤ ስልክህን አጥፋ፣ ካባህን ልበስ፣ ዳኛ ሲገባ ተነሥ፣ ክቡር ፍርድ ቤት በል። ይህን ማን ይጠላል? ሰው ቤት ሲገባስ ጤና ይስጥልኝ ይባል የለ? ቀጥሎ የድምፅ ልክ መጣ። ከዚያ «ግን» የሚለው ቃል ችሎት ይጋፋል ተባለና በምትኩ «ይህ እንደተጠበቀ ሆኖ» ማለት ግዴታ ሆነ። የባለጉዳይን ስም መጥራት ስሜት ይቀሰቅሳል ተብሎ ስም ቀረ፤ ሰው ሁሉ አመልካች፣ ተጠሪ፣ ሕፃን ሆኖ አረፈው። ባለጉዳዮቹም ሲያለቅሱ፣ ሲያጉረመርሙ፣ አንዳንዴም ሲራገሙ ችሎቱን ስላወኩ፣ ድምፅ ከማያሳልፍ መስታወት ጀርባ ተቀመጡ። ከነዚህ ደንቦች አንዱንም ለብቻው አንሥቶ ነውር ነው የሚል አልተገኘም። አንድ ላይ ሲቆሙ ነው ዳኛውና ተዳኙ የሚተያዩበት ቀዳዳ የጠፋው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀዳዳ ጠፋ ብሎ ለመናገርም የሚፈቀደው አነጋገር አልነበረም።

ጠበቃ ዓመቱን በመቶ ነጥብ ይጀምራል። ካባው እጅጌ ላይ የተሰፋችው ክር ነጥቡ ሙሉ ሲሆን አረንጓዴ ታበራለች፤ ሲጎድል ቢጫ ትሆናለች። የኤልዳና ክር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ሙሉ አረንጓዴ ነበረች። ሃያ ዓመት ሳይጎድልበት የዘለቀ ጠበቃ ካባው የወርቅ ጥለት ይደረብለታል። በከተማው ያንን ጥለት የለበሱት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሷ አምስተኛ ለመሆን አንድ ወር ቀርቷታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዳ ትከሻዋን አስለክታለች እንጂ።

የዚያን ሐሙስ የያዘችው ጉዳይ የአቶ ሚኪያስ ደበበ ነው። አቶ ሚኪያስ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ናቸው። ልጃቸው ስትሞት የአሥራ አንድ ወር ሕፃን ጥላላቸው ሄደች፤ ሕፃኗ ሐመልማል ትባላለች፤ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። መስከረም ላይ አቶ ሚኪያስ ሰባ ዓመት ሞላቸው። ሰባ የሞላው አሳዳጊ ፈቃዱን በፍርድ ቤት ካላስቀጠለ ልጁን ማሳደጊያ ይወስደዋል። እንደዚህ ያለ መዝገብ ደግሞ ወረቀቱ ከተሟላ ብዙም አያከራክርም። የመምህሯ ደብዳቤ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የአምስት ጎረቤቶች ቃል ተያይዟል። ከጎረቤቶቹ አንዷ አቶ ሚኪያስ የልጅቱን ሹሩባ ራሳቸው እንደሚሠሩ፣ መጀመሪያ ሰሞን ግን እንደ ሽቦ ያጠብቁባት እንደነበር መስክራለች።

«እሱን ንገሪያቸው» አሏት አቶ ሚኪያስ፣ ከችሎቱ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጥፍራቸው ውስጥ የድሮ ቅባት አሁንም አለ። «ጸጉሯን ማን እንደሚሠራላት ንገሪያቸው።»

«ጋሽ ሚኪያስ፣ እሱ አይነገርም። ስሜት ይቀሰቅሳል።»

«ጸጉር?»

«ጸጉርም።»

«ስሟንስ ትጠሪያለሽ?»

«አልጠራም።»

«ታዲያ ስለ ማን እንደምታወሪ በምን ያውቃሉ?»

«በመዝገብ ቁጥር።»

«እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት አውቶቡስ ስጠግን» አሉ አቶ ሚኪያስ፣ «በታርጋ ብቻ የመለስኩት መኪና የለም፣ ልጄ። ኮፈኑን ከፍቼ አይ ነበር።»

ኤልዳና ሳቀችላቸው። እንዲህ የሚሉ ባለጉዳዮችን ለምዳለች፤ ጉዳያቸው ሲያልቅ ይረሱታል። አሳሳቢ ነገር እንደሌለ፣ ዳኛው ወረቀቱን አስቀድመው እንዳዩት፣ ውሳኔው ተጽፎ ጠረጴዛቸው ላይ እንዳለ ነገረቻቸው። ይህም እውነት ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን እሳቸው ወደ መስታወቱ ክፍል፣ እሷ ወደ ችሎቱ ገቡ።

ዳኛ ባሮክ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ታሪክ ለመናገርም በቀለለ። በቀን ስድሳ ሁለት መዝገብ የሚያዩ፣ ዓይናቸው የቀላ፣ ማንንም በቁጣ ተናግረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ለችሎቱ ክብር ሲባል ውሳኔ የሚነበበው ከወረቀት ነው፤ ወረቀቶቹ ተገልብጠው በተራ ተደራርበው ግራ እጃቸው ላይ ይቀመጣሉ።

ኤልዳና ለቃል ክርክር የተፈቀዱላትን አራት ደቂቃዎች አንድም ሳታባክን ተናገረች። ድምፅዋ ከልኩ አልወጣም። «ይህ እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠቀመች፤ ከሁለት በላይ ተከራካሪነት ያሳያል። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁላት። እንዲህ የሚነቀንቁት ደስ ሲላቸው ነው። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው ከክምሩ ወረቀት አነሡ።

ሁለቱ ወረቀቶች ተጣብቀው ነበር።

«በዚህ መዝገብ የቀረበውን ማስረጃ ፍርድ ቤቱ መርምሯል» ብለው አነበቡ። «አመልካች በስካር ምክንያት ሕፃኑን ቤት ቆልፈውበት ውለው የሚያድሩ መሆኑ በጎረቤቶች ቃል ተረጋግጧል።»

ኤልዳና መጀመሪያ አልገባትም። የተቃዋሚ ወገን አቤቱታ የሚያነቡ መሰላት፤ በዚህ ጉዳይ ግን ተቃዋሚ ወገን አልነበረም። አቶ ሚኪያስ ደግሞ ሠርግ ቤት እንኳ ጠላ ሲቀዳላቸው ሆዴን ይነፋኛል ብለው የሚመልሱ ሰው ናቸው።

«ስለዚህ» አሉ ዳኛው፣ «የአመልካች የማሳደግ ፈቃድ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል። ሕፃኑ ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከበር ተወስዶ ወደ ምሥራቅ ማሳደጊያ ይላክ። ለአካለ መጠን እስኪደርስ አመልካች እንዳይጎበኙት ታዟል።»

የሚቀጥለው መዝገብ ውሳኔ ነው፤ የሷው ተጣብቆ ከሥር ቀርቷል። ከሷ ኋላ ተራውን የሚጠብቀው ጠበቃ የያዘው የሌላ ሰው ጉዳይ። ስም ቢጠራ ኖሮ ግድግዳው ጭምር ይሰማው ነበር፤ ስም የለም። አመልካች አመልካች ነው፤ ሕፃንም ሕፃን።

ለዚህ የሚሆን ደንብ አለ። ዳኛ አይሳሳትም፤ የጠበቃ ጆሮ ግን ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ፣ ጠበቃው ምስጋናውን ከማቅረቡ በፊት ባለችው አንዲት ትንፋሽ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጆሮዬ በድሎኛልና ይደገምልኝ» ይላል። የጆሮ ይቅርታ ይሉታል። ዳኛው ያን ጊዜ ወረቀቱን እንደገና ያያል፤ ስህተቱንም ካየ የሚያነበው እንደ አዲስ ነው፤ ማንም አላፈረም፣ ማንም አልተሳሳተም። አሥር ነጥብ ያስቀንሳል። ምስጋና ከቀረበ በኋላ ግን ነገሩ አበቃ፤ ያመሰገነ ተቀብሏል፣ የተቀበለ ይግባኝ የለውም፣ መዝገቡ ይዘጋል።

አሥር ነጥብ። ክሯ ቢጫ ትሆናለች፤ ጥለቱ ይቀራል፤ ሃያው ዓመት እንደገና ከአንድ ይቆጠራል። ይህን አሰበችው ወይ? አሰበችው፤ መደበቅ አይገባም። ለምን ያህል ጊዜ? አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ለሚገልጥባት ያህል። ከዚያ ደግሞ ወሰነች፤ ይህም ይነገርላት። የይቅርታውን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአፏ ውስጥ ደረደረችው፤ ጆሮዋ ላይ የምታደርገው የትኛውን እጅ እንደሆነ አስታወሰች።

ዳኛው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ኮሽ አለ። በዚያች ኮሽታ የኤልዳና ወገብ ራሱን አጠፈ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከዚያች ኮሽታ በኋላ የታጠፈ ወገብ ነው፤ ማንንም አላስፈቀደም። ምላሷም እንደዚያው።

«ፍርድ ቤቱን አመሰግናለሁ።»

ጥርት ያለ፣ ልኩን የጠበቀ ድምፅ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

«ፍርድ ቤቱም ያመሰግንዎታል» አሉ ዳኛ ባሮክ። ፈገግ አሉ። የዘመኑ ወጣት ጠበቆች እንዲህ አያጎነብሱም።

ቀና አለች። መውጫው ሰባት እርምጃ ነው። አሁንም መጮኽ ይቻላል፤ የከለከላት ጉልበተኛ የለም። «ተሳስተዋል» ብትል ችሎት መድፈር ነው፤ ፈቃዷን ትነጠቃለች፣ ስድስት ወር ትታሰራለች። ዳኛው ግን ወረቀቱን ያዩ ይሆናል። አንድ እርምጃ ሄደች። ሁለት። ባሏ ታወሳት። ሦስት። ምናልባት ከመዝገብ ቤቱ ሬጅስትራር ጋር በዝግታ ብትነጋገር ይስተካከል ይሆናል አለች፤ እንደማይስተካከል ታውቃለች። በአራተኛው እርምጃ መስታወቱን አየችው። አቶ ሚኪያስ አንገታቸውን አስግገው ከንፈሯን ከንፈሯን ያያሉ። አምስት። ስድስት። በሰባተኛው ተረከዟ የበሩን ደፍ ሳይነካ ቆመ፤ ልክ እንደሚገባው።

መተላለፊያው ላይ አቶ ሚኪያስ ቀድመዋት ቆመዋል። «ተዘግቷል የሚል ጽሑፍ መጣ መስታወቱ ላይ» አሉ። «ጥሩ ነው አይደል? ተዘጋልን?»

«ጋሽ ሚኪያስ፣ የሌላ ሰው ውሳኔ አነበቡ።»

«የማንን?»

«የአንድ ሰካራም። ልጅ ቆልፎ የሚሄድ።»

ሳቁ። ከልባቸው ነበር። «እኔን ነው? በይ እንግዲህ! ታዲያ ነገርሻቸው?»

«ተዘግቷል። ከተዘጋ አይከፈትም። ዛሬ ሊወስዷት ነው። ከትምህርት ቤት በር።»

የአቶ ሚኪያስ ፊት ወዲያው አልተለወጠም። ነገሩ ቀስ እያለ ነው የደረሰባቸው። ቀኝ እጃቸው የኮታቸውን ኪስ ፈለገ፤ ምን እንደሚፈልጉበት ግን አላወቁትም፤ ባዶውን መለሱት። ከዚያ ክንዷን ያዙ።

«አይቼሻለሁ» አሏት። «እስከ መሬት ዝቅ ብለሽ ስትለምኛቸው በመስታወቱ አይቼሻለሁ። እንደዚያ ሆኖ ለሰው የሚለምን ሰው አይቼ አላውቅም። እግዜር ይስጥሽ። ያንቺን ድርሻ አድርገሻል።»

እዚያው ማረም ነበረባት። አፏን ከፈተችም። «ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» ብቻ አለች።

«ዘጠኝ ተኩል።»

ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። አቶ ሚኪያስ ደረጃውን መውረድ ሲጀምሩ የችሎቱ በር ተከፈተና ከሷ ቀጥሎ የገባው ጠበቃ ወጣ። ፊቱ የሰው ንብረት ወድቆ ያገኘ ሰው ፊት ነው። ኤልዳና ሄዳ ከፊቱ ቆመች።

«ፈቃዱ ይቀጥል አሉህ?»

«አሉኝ።»

«የኔን ነው ያነበቡልህ።»

«ገባኝ።»

«አመሰገንክ?»

ጠበቃው እጅጌውን አየ። «አመሰገንኩ» አለ፤ አልፏትም ሄደ። ሰካራሙ ከመስታወቱ ክፍል እየወጣ ነበር። ልጁ ዛሬም ይቆለፍበታል።

ሁለቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ዘጠኝ ተኩል ሊሆን አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር፤ የማሳደጊያው ግራጫ መኪና ግን ደርሳለች። ልጆቹን ግርግር እንዳያስፈራቸው አስቀድሞ ማውጣት ደንብ ነው። ሐመልማል ኋላ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አያቷን ስታይ እጇን አውለበለበች።

አቶ ሚኪያስ ሮጡ። በሰባ ዓመታቸው፣ በጥቁር ኮታቸው፣ አስፋልቱን መኪና እየጮኸባቸው ተሻገሩና የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ሁለት እጃቸውን ጫኑ።

«በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። «በሕግ አምላክ፣ እንዳታንቀሳቅሷት!»

ይህ ቃል ዱላ ያነሣን እጅ አየር ላይ የሚያስቀር፣ የሚሸሽን ሰው የሚያስቆም የነበረበት ዘመን አለ። ልጅቱን ልትረከብ የመጣችው የማሳደጊያው ሹም ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ «የምን አምላክ ነው የሚሉት?» አለች።

ኤልዳና ደርሳ ሁሉንም ነገረቻት፤ ወረቀቱ እንደተጣበቀ፣ ስም እንደማይጠራ፣ የሚቀጥለው መዝገብ እንደሆነ። ሹሟ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ጨዋ ልጅ ናት።

«እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም» አለች። «የጠበቃ ቃል ካለ እስከ ነገ ላቆያት እችላለሁ፤ ተፈቅዶልኛል። ፍርድ ቤቱ ተሳስቷል ብለው ቃልዎን እዚህ ይስጡኝ። በግልጽ። ሌላ አነጋገር አይቀበልም።»

ኤልዳና ዓረፍተ ነገሩን ስትፈልገው ከውስጧ ብዙ ነገር አብሮ ተነቀለ። ግን አወጣችው።

«ፍርድ ቤቱ ተሳስቷል!»

ጮኸች። በሩ ላይ የቆሙ እናቶች ዞሩ። ደግማ አለችው፣ ሦስተኛም። አቶ ሚኪያስ «ተባረኪ፣ ተባረኪ» ይሉ ነበር።

ሹሟ መዳፏ ላይ የያዘችውን መሣሪያ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀች። ከዚያ ፊቷ አዘነ። «ይቅርታ» አለች። «ችሎት መድፈር ይላል። ፈቃድዎ በዚህ ደቂቃ ታግዷል።»

«ቃሌን ግን ተቀብለሻል።»

«የጠበቃ ቃል ነው የሚያስፈልገኝ።»

«ስናገረው ጠበቃ ነበርኩ!»

«ተናግረው ሲጨርሱ ግን አይደሉም። የሚመዘገበው ሲያልቅ ነው።» አከለችም፤ «ለስድስት ወሩ እስርም መጥሪያ ይደርስዎታል።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው። እዚያ ችሎቱ ውስጥ አሥር ነጥብ ብቻ ያስከፍል የነበረው ነገር፣ እዚህ ሁሉንም ከፍላበት ምንም አልገዛም። ኤልዳና እጅጌዋን አየች። ክሯ አረንጓዴም ቢጫም አይደለችም፤ ጠፍታለች። የገረማት፣ በዚህ መካከል እንኳ ለጥለቱ ትንሽ ማዘኗ ነው። ራሷን ተጸየፈች።

ሹሟ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገችላቸው። ሁለት ደቂቃ አለች፤ ደንቡ አንድ ነው የሚለው።

«አያያ፣ ምሳ ዕቃዬን ክፍል ረስቼዋለሁ» አለች ሐመልማል።

«አወጣልሻለሁ።»

«ነገ ሳይሰረቅ።»

«ዛሬውኑ አወጣዋለሁ፣ ሐሙዬ።» አቶ ሚኪያስ ጉንጯን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ ድምፃቸው እንዳይሰበር እየተጠነቀቁ ነበር። «ከነዚህ ሰዎች ጋር ትንሽ ትቆያለሽ። አንቺ ያጠፋሽው የለም፤ እኔም የለም። እሺ? አየሻት ይቺን ትልቅ ሴት? ዛሬ ስላንቺ ዳኛው እግር ድረስ ዝቅ ብላ ለምናለች። አመስግኛት።»

ልጅቱ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። «አመሰግናለሁ» አለቻት።

መኪናዋ ሄደች። ትንሿ ጭንቅላት በኋላ መስታወት እስክትጠፋ ድረስ ታየች። አቶ ሚኪያስ መንገዱ ዳር ያለው ግንብ ላይ ቁጭ አሉ፤ ኤልዳናም አጠገባቸው። ደወሉ ተደወለና የቀሩት ልጆች እየተጋፉ ወጡ፤ እናቶቹ ቦርሳ ተቀበሉ፤ በሩ ቀስ በቀስ ጭር አለ።

«አልለመንኩም» አለች ኤልዳና።

«ምን አልሽ?»

«በመስታወቱ ያዩኝ ጊዜ። እንዲደግሙት መጠየቅ እችል ነበር፤ ይፈቀዳል። አልጠየቅኩም። ያጎነበስኩት እየለመንኩ አይደለም፣ ጋሽ ሚኪያስ። እያመሰገንኩ ነው።»

አቶ ሚኪያስ ወደሷ ዞሩ። የሚቆጡ መስሏት ነበር፤ ቢቆጡላት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን የምር ማወቅ እንደፈለገ ሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«ስለ ምኑ?»